ከአንድ እፍኝ የጎመን ዘር

በደጃፍ ወይም በጓሮ አትክልት ለማብቀል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሰፊ መሬትም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዘር፣ አፈር፣ ውሃና የሰው እጅ ነው። እጅ አለን። አፈርና ውሃ በብልሃት ይገኛሉ። ብዙውን ሰው የሚያስቸግረው ዘሩ ነው። «ዘር ውድ ነው፤ እኔ ከየት አመጣለሁ?» የሚለው ብዙ ነው። ነገር ግን ርካሽ ዘር በቅርብ አለ። አንዳንዴም ከማጀት ሳንወጣ እናገኘዋለን።

ዛሬ የምናነበው ስለዚህ ነው። ምሳሌ የምናደርገው የሐበሻ ጎመንን ነው። ጎመን ማብቀል የለመደ ሰው ቆስጣውንም፣ ሰላጣውንም፣ ካሮቱንም ማብቀል አያቅተውም።

ስለ ምን ጎመንን መረጥን?

በመስከረም፣ አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፤ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። አባባሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ምክንያቱን ግን እናስብ።

በሐምሌና በነሐሴ የአምናው እህል ከጎተራ ያልቃል። የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። በዚህ በክፉ ጊዜ ምድጃው ላይ የሚጣደው የጎመን ምንቸት ነበር። መስከረም ሲጠባ ጎመኑ ውጣ ተባለ እንጂ፣ ክረምቱን ቤቱን ያቆየው እሱ ነው። «ጎመን በጤና» የሚለው አባባልም ያለ ነገር አልመጣም።

ጎመን የአገራችን ተክል ነው። የተክል ተመራማሪዎች ስሙን ብራሲካ ካሪናታ ይሉታል። ይህ ጎመን በጥንት ዘመን ከሁለት ተክሎች መዳቀል የተገኘ ነው። አንደኛው የሰናፍጭ ዓይነት ነው። ሁለተኛው የጥቅል ጎመን ወገን ነው። የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ዋና ቦታው ነው። ስለዚህ አየሩንም አፈሩንም ለምዶታል። ብዙ እንክብካቤ ሳይጠይቅ ይበቅላል።

ለጤናም ይጠቅማል። ሽሮ ብቻ የሚበላ ልጅ ሆዱ ይሞላል፤ ነገር ግን ሰውነቱ የሚፈልገውን ሁሉ አያገኝም። አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኤ የሚገኝበት ምግብ ነው። ቫይታሚን ኤ ያጣ ልጅ ሲመሽ ዓይኑ አያይም። ይህ በሽታ ዳፍንት ይባላል። ጎመኑ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ተደርጎበት ሲበላ፣ ሰውነት ቫይታሚኑን በደንብ ይወስደዋል።

ዘሩ ከየት ይገኛል?

እንጀራ የሚጋገርበትን ቤት እንመልከት። ከምጣዱ አጠገብ ማሰሻ አለ። በብዙ ቤት ምጣዱ የሚታሰሰው በተፈጨ ጎመን ዘር ነው። ጎመን ዘር ደግሞ ስሙ እንደሚለው የጎመን ዘር ነው! ካልተቆላና ካልተፈጨ፣ ካላረጀም፣ መሬት ሲያገኝ ይበቅላል።

ከገበያ ቅመማ ቅመም የሚሸጡ እናቶች ዘንድ ጎመን ዘር በስኒ እየተሰፈረ ይሸጣል። አንድ እፍኝ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። በአንድ እፍኝ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዘር አለ። ለአንድ ቤት የሚበቃው ግን አንድ ቁንጥር ብቻ ነው። የቀረው ለጎረቤት ይተርፋል።

የገበያው ጎመን ዘር ለዘይት ተብሎ የተዘራ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ ለጋ ሳለ ይበላል። ይሁን እንጂ ለቅጠል ተብሎ እንደተመረጠው ላይለሰልስ ይችላል። ስለዚህ የሚሻለው ሌላ ነው። በሰፈራችሁ ጥሩ ጎመን ያላትን ሴት ጠይቁ። ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ፣ ቶሎ የማያብብ ከሆነ፣ «እባክሽ ከዘርሽ ቁንጥር ስጪኝ» በሏት። ዘር የሰጠ ሰው አይጎድልበትም። እሱ የጠፋበት ዓመት ከናንተ ያገኘዋልና።

ዘሩ ሕይወት አለው ወይስ ሞቷል?

ዘር ሕያው ነገር ነው። ሲያረጅ ይሞታል። እርጥበትና ሙቀት ቶሎ ይገድሉታል። በዓይን ሲያዩት ግን የሞተውና ያልሞተው አንድ ይመስላሉ። የሞተ ዘር የዘራ ሰው ድካሙንም፣ ውሃውንም፣ ወቅቱንም ያጣል። ስለዚህ አስቀድሞ መሞከር ይገባል። ሙከራው አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

1. አሥር ዘር ቁጠሩ።
2. አንድ ንጹሕ ጨርቅ በውሃ አርሱና ጭመቁት።
3. ዘሮቹን በጨርቁ ላይ በትኑ። ጨርቁን አጥፋችሁ በሳህን ላይ አስቀምጡ።
4. ሳህኑን ብርድ በሌለበት ቦታ አኑሩት። ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ውሃ እርጩበት።
5. በሰባተኛው ቀን ገልጣችሁ ያቆጠቆጡትን ቁጠሩ።

ከአሥሩ ስምንትና ከዚያ በላይ ካቆጠቆጡ ዘሩ ጥሩ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ከሆኑ፣ ሲዘራ በዛ ይደረግ። ከአምስት በታች ከሆኑ ግን ያ ዘር ለምጣድ ማሰሻ ይሁን።

መሬት የሌለውስ?

በከተማ ብዙ ሰው ጓሮ የለውም። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይሰማል፦

«እትዬ፣ እርስዎስ ግቢ አለዎት። እኔ እኮ በኪራይ ቤት ነው ያለሁት። የት ልዝራው?»

«ልጄ፣ ደጃፍሽ ፀሐይ ያገኛል?»

«ጧት ጧት ያገኛል።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ከአንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በኋላ የጎረቤቱ ፎቅ ይጋርደዋል።»

«ይበቃል። ለቲማቲም ቢሆን ያንሰው ነበር። ለጎመን ግን ይበቃል። ባዶ ማዳበሪያ አለሽ?»

«የስኳር ከረጢት አለኝ።»

«እሱም ያው ነው። አፈር ሙይበትና ዝሪበት።»

«አከራይዋ ቢቆጡስ?»

«አስቀድመሽ አስፈቅጂያቸው። የመጀመሪያውን እስር ደግሞ ለሳቸው ስጪ። ማንም ሰው ጎመን ከሰጠው ጋር አይጣላም።»

የከረጢቱ አሠራር ይህ ነው። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ይቀላቀላል። አፈሩ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ከሆነ አንድ እጅ አሸዋ ይጨመርበታል። ከከረጢቱ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሱ። ውሃ መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል።

ከረጢቱ ሲሞላ መሐሉ ላይ ጠጠር ይደረግ። ለዚህም ላይና ታቹ የተከፈተ ጣሳ ከመሐል ይቆማል። ጣሳው ውስጥ ጠጠር፣ በዙሪያው አፈር ይሞላል። ከዚያ ጣሳው ወደ ላይ ይሳባል፤ ጠጠሩ በቦታው ይቀራል። እንደገና ጠጠርና አፈር ይሞላል፤ እንደገና ጣሳው ይሳባል። ከረጢቱ እስኪሞላ እንዲህ ይደረጋል። ውሃ ከላይ ሲፈስ በጠጠሩ በኩል እስከ ታች ይደርሳል። ያለ ጠጠር ግን ላዩ ይርሳል፤ ታቹ ደረቅ ይሆናል።

አምስት ችግኝ ከላይ ይተከላል። በከረጢቱ ጎን ደግሞ በየስንዝሩ ቀዳዳ እየተበሳ አሥር ያህል ይተከላል። አንድ ከረጢት የአንድ ትንሽ መደብ ያህል ያፈራል ማለት ነው።

የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ የዘይት ጣሳ፣ ያረጀ ባልዲም ያገለግላል። ነገር ግን የተባይ መርዝ ወይም የሞተር ዘይት የነበረበት ዕቃ ፈጽሞ አይሁን። ቢታጠብም መርዙ አይለቅም። ቅጠሉን የሚበላው ልጃችሁ ነው።

አፈሩን ማዘጋጀት

ጓሮ ያለው ሰው ሁለት መደብ ይሥራ። የእያንዳንዱ መደብ ወርድ ስድስት ስንዝር፣ ርዝመቱ አሥር ስንዝር ይሁን። መደቡ ጠባብ የሆነው እጅ ከሁለቱም ጎን መሐል ድረስ እንዲደርስ ነው። መደቡን በእግር መርገጥ አፈሩን ያጠብቀዋል።

መሬቱን በዶማ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ቆፍሩ። ድንጋዩንና የአረሙን ሥር ልቀሙ። ከዚያ የበሰበሰ ፍግ አልብሱና ቀላቅሉ። ፍጉ ወራት የቆየ፣ ጠረኑ የጠፋ መሆን አለበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። የሰው ዓይነ ምድር ደግሞ በአትክልት ቦታ አይደረግም። ወስፋትና ሌላም በሽታ ያመጣል።

ፍግ የሌለው ሰው ብስባሽ ይሥራ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ቅርፊት፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የወደቀ ቅጠል፣ የቤት ጥራጊ በአንድ ጉድጓድ ይከማች። በላዩ ጥቂት አመድና አፈር ይነስነስ። እርጥበት ይኑረው፤ ግን አይጨቅይ። በየሁለት ሳምንቱ ይገላበጥ። በሦስትና በአራት ወር ጥቁር አፈር ይሆናል። ፕላስቲክ፣ ሥጋና ቅባት አይግባበት። ሥጋ ውሻና አይጥ ይጠራል።

መቼ ይዘራ?

ክረምቱን ለመቅደም የሚፈልግ ሰው በግንቦት መጀመሪያ ይዝራ። ችግኙን ጥቂት ሳምንት በእጅ ውሃ ያጠጣዋል። ዝናቡ ሲገባ ሥር ሰድዶ ይጠብቀዋል። በሐምሌ፣ ገበያው ሲወደድና ጎተራው ሲጎድል፣ ቅጠል መቁረጥ ይጀምራል።

ውሃ ያለው ሰው ደግሞ በመስከረም እንደገና ይዝራ። የመስከረሙ ጎመን በበጋ ይበላል። ዘር የሚያዘውም ከዚህኛው ነው። በበጋ ዝናብ ስለሌለ ዘሩ ሳይሻግት ይደርቃል።

ችግኝ ማፍላት

ጎመን በመጀመሪያ በትንሽ ቦታ ችግኙ ይፈላል፤ ከዚያ ይዛወራል። ለሠላሳ እግር ጎመን የሁለት ክንድ ካሬ ቦታ ይተርፋል። የተሰነጠቀ ሳፋም ይበቃል።

አፈሩን በእጅ አድቅቁት። በጣት መስመር አስምሩ። በመስመርና በመስመር መካከል አራት ጣት ያህል ይሁን። ዘሩን በመስመሩ ሳሳ አድርጋችሁ ጣሉ። የጎመን ዘር ደቃቅ ስለሆነ ብዙ ሰው አብዝቶ ይዘራዋል። ሲበቅል እርስ በርሱ ይታፈናል፤ ቀጭንና ነጭ ሆኖ ይወድቃል። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መዝራት ይህን ያድናል። ከላዩ የጣት ጥፍር ያህል አፈር ይልበስ። ጥልቅ ከተቀበረ ሳይወጣ ይቀራል።

የተዘራው ቦታ በሣር ይሸፈን። ውሃ ሲጠጣ በእርጋታ ይሁን። ለዚህ ክዳኑ በሚስማር የተበሳሳ ሃይላንድ ጥሩ ነው። ባልዲ ከገለበጡበት ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። ብቅ ሲል ሣሩ ወዲያው ይነሣ።

ሁለት ጣት ያህል ሲያድግ የተጠጋጉትን አሳሱ። የተነቀለውን አትጣሉት፤ ለወጥ ይሆናል።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት አራትና አምስት ቅጠል ያወጣል። ይህን ጊዜ ወደ መደቡ ይዛወራል። ሥራው ማታ፣ ፀሐይ ስትበርድ ይሁን። አስቀድሞ ችግኙ ውሃ ይጠጣ። ከነአፈሩ ይነሣ። በመደቡ ላይ ከእግር እግር ሁለት ስንዝር ይራራቅ። በአንድ መደብ ሦስት መስመር፣ በመስመሩ አምስት ችግኝ ይተከላል። ሦስት ጊዜ አምስት አሥራ አምስት ነው። በሁለቱ መደብ ሠላሳ ይሆናል። ተክሎ ዙሪያውን በጣት ጠበቅ ማድረግና ውሃ ማጠጣት ነው።

ውሃን መቆጠብ

በበጋ ለሁለቱ መደብ በቀን አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ያስፈልጋል። ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳ ቤት ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ስለዚህ ብልሃት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ፣ መሬቱን አልብሱ። በችግኞቹ መካከል ደረቅ ሣር ወይም ጭድ ይጎዝጎዝ። ፀሐይ እርጥበቱን ቶሎ አትወስደውም። አረምም አይበዛም።

ሁለተኛ፣ ጧት በማለዳ ወይም ማታ አጠጡ። በቀትር የፈሰሰ ውሃ ብዙው በከንቱ ይተናል። ውሃውም ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፍሰስ።

ሦስተኛ፣ የቤት ውሃን መልሳችሁ ተጠቀሙ። አትክልት፣ ምስርና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ለመደብ ይሆናል። በረኪና የገባበት ወይም ብዙ ሳሙና ያለበት እጣቢ ግን አይሁን። የፋብሪካና የቄራ ፍሳሽ የገባበት የወንዝ ውሃም ለቅጠል አይጠቅምም። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ በሚጠጡ አትክልቶች ውስጥ ጎጂ ብረት ነክ ነገሮች እንዳሉ ጥናቶች አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ነገር በማጠብም አይለቅም።

የጎመን ጠላቶች

አንደኛው ጠላት ዶሮ ነው። ሳቅ አይደለም። አንዲት ዶሮ የወር ድካም በሩብ ሰዓት ታጠፋለች። መደቡን በእሾህ ወይም በጭራሮ ማጠር ግድ ነው።

ሁለተኛው ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ወጥቶ ለጋውን ግንድ ከሥሩ ይቆርጣል። ቀን አፈር ውስጥ ይደበቃል። ጧት የተቆረጠ ችግኝ ካያችሁ፣ ዙሪያውን በጣት ጫር ጫር አድርጉ። ትሉ ተጠቅልሎ ይገኛል። ለመከላከል በችግኙ ዙሪያ ወፍራም ወረቀት እንደ ቀለበት ይደረግ። ግማሹ አፈር ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ይሁን።

ሦስተኛው ክሽክሽ ነው። አመድ መስሎ ከቅጠሉ ሥር ይሰፍራል፤ ጭማቂውን እየመጠጠ ቅጠሉን ያኮማትራል። ገና ጥቂት ሳለ በጣት ማሸት ይበቃል። ከበዛ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ ሟምቶ ከቅጠሉ ሥር ይረጭ። በማግሥቱ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ለጓሮ ጎመን መርዝ መግዛት አያስፈልግም።

አቆራረጡ

ከተዘራ ሁለት ወር ያህል ሲሆነው መቁረጥ ይጀመራል። ከታች በኩል ያለው ትልልቅ ቅጠል ይቀጠፋል። ከላይ አራትና አምስት ለጋ ቅጠል ይቀራል። ጎመኑ ከነሥሩ አይነቀልም። ከነሥሩ የተነቀለ ጎመን የአንድ ቀን ወጥ ነው። ቅጠሉ የሚቀጠፍለት ግን ለብዙ ሳምንት ያበላል። ሊያብብ ሲል የአበባው እምቡጥ ቢቀጠፍ ደግሞ ዕድሜው ይረዝማል። እምቡጡም ይበላል።

ከቁርጡ በኋላ መደቡን መኮትኮትና ጥቂት ብስባሽ መጨመር ነው።

ትልቁ ፈተና፦ ለዘር ማስቀረት

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናንብብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ጎመኑ ደርሷል እንበል። ከሁሉ ሰፊና ለስላሳ ቅጠል ያለው አምሮ ቆሟል። እንግዳ መጣ። እጃችን የሚሄደው ወደዚያው ነው። በመጨረሻ የሚቀረው ቀጭኑ፣ ቶሎ ያበበው፣ ተባይ የበላው ነው። «እሱ ለዘር ይሁን» እንላለን። በሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለው የዚያ የቀጭኑ ልጅ ነው። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ የባሰ ይሆናል። ከዚያ «ዘሩ ተበላሸ» ይባላል። ዘሩ በራሱ አልተበላሸም። ጥሩውን በልተን ክፉውን ስለዘራን ነው።

ስለዚህ ገና ሳያብብ መምረጥ ይገባል። ከሠላሳው ስድስቱን ምረጡ። ቅጠላቸው ሰፊ፣ ተባይ የማይደፍራቸው፣ ዘግይተው የሚያብቡትን ምረጡ። በግንዳቸው ላይ ቀይ ክር እሰሩ። ቀይ ክር ያለበትን ማንም እንዳይነካ ለቤተሰቡ ይነገር። አንዱን ብቻ ማስቀረት አይበቃም። በሽታ ቢነካው ሁሉም ያልቃል። ዘሩም ከብዙ እናት ሲሰበሰብ ይጠነክራል።

ቢጫ አበባው ረግፎ ቀጫጭን የዘር ከረጢት ያወጣል። ከረጢቱ ቢጫ ሆኖ መድረቅ ሲጀምር ጧት ጤዛ ሳለ ይቆረጥ። በቀትር ቢቆረጥ ዘሩ ይረግፋል። በንጹሕ ጨርቅ ላይ በጥላ ይድረቅ። ከዚያ በእጅ ይታሽ፤ በሰፌድ ይነፈስ።

ዘሩ በደንብ ሲደርቅ ክዳን ባለው ጠርሙስ ይግባ። በጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ አመድ አብሮ ቢቀመጥ እርጥበት ይይዛል። በጠርሙሱ ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ የዘሩን ስምና የተሰበሰበበትን ወርና ዓመት። ዛሬ መጻፍ ችላችኋልና እጃችሁ ይጻፈው። ጠርሙሱ ከምድጃ ርቆ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። በዚህ ዓይነት የጎመን ዘር ሦስትና አራት ዓመት ይቆያል።

ዘር ማስቀመጥ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል እስከ መብላት ደርሶ ነበር። ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራው አጣ። የአባቶቹ ዘር የጠፋበት መንደር ብዙ ነው።

የአገራችንን የሰብል ዘር የሚሰበስብ ማዕከል በአዲስ አበባ የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ነው። ዛሬ ሥራውን የያዘው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። እሳቸው ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም መጠበቅ አለበት ብለው ከገበሬዎች ጋር ሠሩ። ስለዚህ ሥራቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ቀይ ክር አስረው ስድስት እግር ጎመን የሚያስቀሩ እናትም በጓሯቸው ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ።

የታሸገ ዘር ሲገዛ

አንዳንድ ዘር ከሱቅ መግዛት ግድ ይሆናል። የካሮት፣ የቀይ ሥርና የቆስጣ ዘር ሰው ቤት ብዙ አይገኝም። እነዚህ ዘር የሚይዙት ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ብርድም ይፈልጋሉ። አምስት ጎረቤት አንድ አንድ እሽግ ገዝቶ ቢካፈል ግን ሁሉም አምስት ዓይነት ያገኛል። ቡና ሲጠጣ ይህን መነጋገር ነው።

ከመግዛት በፊት እሽጉን አንብቡ። የታሸገበትን ዓመት እዩ። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ይሞታል፤ ከዓመት የበለጠው አይታመንም። «ኤፍ ዋን» ከተባለ ድቅል ዘር ነው። ጥሩ ያፈራል፤ ነገር ግን ከእሱ የሚያዘው ዘር እናቱን አይመስልም። በየዓመቱ መግዛት ይኖራል። ዘሩ በሮዝ ወይም በሰማያዊ ቀለም የተለቀለቀ ከሆነ መርዝ አለበት። ልጆች እንዳይነኩት፤ የነካም እጁን ይታጠብ።

የሌሎቹ አትክልቶች አዘራር በአጭሩ

ቆስጣ፦ ዘሩ አንድ ሌሊት በውሃ ይዘፍዘፍ። ከአንዱ ፍሬ ሁለትና ሦስት ችግኝ ይወጣል። አንዱን ትቶ ሌላውን ማሳሳት ነው። እንደ ጎመን ከዳር እየተቀጠፈ ወራት ያበላል።

ካሮት፦ አይዛወርም። በሚያድግበት ቦታ ይዘራል። ለመብቀል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እስኪወጣ መሬቱ አይድረቅ። በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ብቅ ሲል ጆንያው ይነሣ።

ሰላጣ፦ ዘሩ ከላይ ከላይ ይዘራ። ሙቀት ከበዛበት አይበቅልም። ጥላ ይወዳል።

ቲማቲም፦ በደንብ የበሰለውን ሰንጥቃችሁ ዘሩን ከነፈሳሹ በብርጭቆ አስቀምጡ። በሁለትና በሦስት ቀን ሲቦካ እጠቡት፤ በሳህን ላይ ይድረቅ። የገበያ ቲማቲም ድቅል ሊሆን ስለሚችል ፍሬው እናቱን ላይመስል ይችላል። ውርጭና ብዙ ዝናብ አይወድም።

ቃሪያ፦ ዘሩ የሚያዘው ቀልቶ ከበሰለው ነው። ለመብቀል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ዘሩን የያዘ እጅ ዓይን አይንካ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

ሠላሳ እግር ተክለናል። ስድስቱ ለዘር ቀሩ። 30 ሲቀነስ 6 እኩል ይሆናል 24። በሳምንት ከአንዱ እግር ሦስት ቅጠል እንቆርጣለን። 24 ሲባዛ በ3 እኩል ይሆናል 72 ቅጠል። በአሥር ሳምንት 720 ቅጠል ነው።

አሁን እናንተ ሥሩ። በሰፈራችሁ በአንድ እስር ጎመን ስንት ቅጠል አለ? 720 ለዚያ ይካፈል። የተገኘው በአንድ እስር ዋጋ ይባዛ። ለዘሩ ያወጣችሁት ይቀነስ። የቀረው በኪሳችሁ የቆየ ገንዘብ ነው። ለደብተር ይሁን ለጨው፣ እናንተ ታውቃላችሁ።

አንብባችሁ መልሱ

1. ዘር ሕይወት እንዳለው እንዴት ይታወቃል?
2. ለከረጢቱ መሐል ጠጠር ለምን ያስፈልጋል?
3. ጥሩውን ጎመን በልቶ ክፉውን ለዘር ማስቀረት ምን ጉዳት አለው?
4. በጠርሙሱ ላይ ምን ምን ይጻፋል?
5. በቤታችሁ ያለው ጎመን ዘር ይበቅላል? ዛሬ ማታ አሥር ቁጠሩና ሞክሩ። የሚቀጥለው ሳምንት ጽሑፍ ሲደርሳችሁ መልሱን ታገኙታላችሁ።